የድደ ንቅሷ ክረምት

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ወጣት የግቢ በር ብርማ ቀለም ይቀባ ነበር። የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ቆመ። የምቸኩል ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ ቆሜ የሰው ሥራ የማይበት ጊዜ የለኝም። ግን ቆምኩ። ቆሜም አልቀረሁ፣ እጄን ዘርግቼ ገና ያልተቀባውን ጎን ዳሰስኩት። ሸካራ ነው። «አልፈተግኸውም እኮ፤ ዝገቱ ላይ ነው የምትቀባው። ዓመት ሳይሞላው ይላጣል» አልኩት። ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና ባለሙያ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለሁም አልኩት። እንግዲያው መንገድሽን ሂጂ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሄድኩ። ሽታው ግን ተከትሎኝ አውቶቡስ ውስጥ ገባ፤ ቡሬ እስክደርስ ድረስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ቡሬ ነው ያደግሁት። አባቴ ደመላሽ ከኋላዋ ሸራ የለበሰች አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ ከቡሬ ሽንዲ፣ ከሽንዲ ቡሬ ሰው ያመላልስባታል። ቀለሟ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ትመስላለች። ክላክሷ ከሞተ ቆይቷል፤ አባቴ ከብት ሲያጋጥመው በመስኮት ብቅ ብሎ በአፉ ነው የሚጮኸው።

የፊት ፍርግርጓ፣ ጋራዥ ያሉት ሰዎች ማስኬሪና የሚሉት፣ አምስት አግድም ዘንጎች ነበሩት። አንድ ቀን አንድ ወይፈን ከበቆሎ ማሳ ዘሎ ወጣና መካከለኛውን ዘንግ ሰባብሮት ሄደ። ወይፈኑ ምንም አልሆነም። አባቴ ራዲያተሩን ድንጋይ ሳይመታበት ቶሎ አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ በመጨረሻ አልጋዬን አየ። አልጋዬ ሰማያዊ የብረት አልጋ ነው፤ እናትና አባቴ ሲጋቡ የተገዛ፣ እነሱ ሌላ ሲያገኙ ለእኔ የተላለፈ። ከግርጌው ዘንጎች አንዱን በመጋዝ ቆረጠና መኪናዋ ፊት ላይ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ከተላጠው ቡናማ መሃል አንድ ደማቅ ሰማያዊ መስመር።

ለእኔ የቀረኝ ክፍተት ነው። ስተኛ እግሬ በዚያ ይሾልካል። አባቴ ጎሕ ሲቀድ ሲወጣ በአልጋዬ ግርጌ ያልፋል፤ ሲያልፍ የእግሬን አውራ ጣት ቆንጠጥ ያደርገዋል። እኔ የተኛሁ መስዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ እስቃለሁ። እሱም የተኛሁ መስዬ እንደምስቅ ያውቃል። በየቀኑ እንዲህ ነው።

የመንገዱ ሰዎች ግን ለመኪናዋ ስም አወጡላት። ድደ ንቅሷ። ሽንዲ ገበያ ላይ ሴቶቹ «ድደ ንቅሷ መጣች?»፣ «ድደ ንቅሷ አለፈች እንዴ?» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ምን አውቄ፤ ስድብ ነው ብዬ ያዝኩት። ድድ ምኑ ያምራል? በትምህርት ቤት ደግሞ የአልጋውን ነገር ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ልጆቹ ያዙኝ። «ባንቺ፣ አባትሽ አልጋውን እየነዳ ወጣ፤ ዛሬ የት ሊያድር ነው?» ይለኛል አንዱ። «ትራስም አሰሩላት» ይላል ሌላው። አንዱን በደብተር ፊቱን አልኩት። ደብተሩ ተቀደደ፤ ሳቁ ግን አልቆመም።

በዚያው ዓመት አንድ ነጭ ሚኒባስ በሽንዲ መንገድ መመላለስ ጀመረ። ከዚያ ክረምት ገባ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባቴ እናቴን ሲያናግራት ሰማሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሰው የማይሰማው እየመሰለው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁት። እስከ መስቀል እሞክራለሁ አለ። ሰው ካልተሳፈረልኝ መኪናዋን አንድ የፍኖተ ሰላም ሰውዬ ይፈልጋታል፣ ለእሱ እሰጥና መተማ ሄጄ የሰው መኪና እነዳለሁ። እናቴ በዓመት ስንት ጊዜ ትመጣለህ አለችው። ለፋሲካ አላት። እናቴ ትሰፋው የነበረውን ቀሚስ ይዛ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ አለች።

የትምህርት ቤቴን መጽሐፍ አወጣሁና መተማን ካርታው ላይ ፈለግሁ። ጣቴን ከቡሬ አስነስቼ ጣና ሐይቅን አዞርኩት፣ ገና አለ፣ ገና አለ። የካርታው ጠርዝ ላይ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀለም ነው፤ ሱዳን። አባቴ የሚሄደው አገሪቱ የምታልቅበት ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሌሊቱን ሳልጨርሰው ጥፋተኛውን አገኘሁ። ሰው ወደ ነጩ ሚኒባስ የሚሄደው የእኛዋ ፊቷ አስቀያሚ ስለሆነ ነው። ስም ያወጡላትም ለዚያ ነው። ያ ፍርግርግ ከታደሰ አባቴ አይሄድም። ይኸው ነው፤ ለእኔ ከዚህ የሚጠራ ነገር አልነበረም።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ጋሽ ኢብራሂም ይኖሩ ነበር። በጉልበታቸው ጊዜ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ አርጅተው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ የልጃቸው የጨውና የቅመም ሱቅ ደጃፍ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይተቹ ነበር። ያኛው የጎደለውን የሞሉበት ስቱኮ አብጧል። ይኼኛው በዝናብ ነው የተቀባው። አባቴ ሲያልፍ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ያንን ሽቦ ላለማየት።

ሄጄ የመኪናችንን ፊት ይቀቡልኝ አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣታቸው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። አይቻለሁ አልኳቸው፤ እጅ የእኔን እንጠቀማለን። ሳቁና ለሱቁ ኮረሪማ እንድለቅም ነገሩኝ። በማግስቱም ሄድኩ፣ በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን አባቴ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ከመሣሪያ ሳጥኑ መፍቻ ወሰድኩና ፍርግርጉን የያዙትን ብሎኖች ፈታሁ። አንዱ ዝጎ እምቢ ብሎኝ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። አባቴ አልነቃም፤ ዝናብ ነበር። ፍርግርጉን በጭቃ ላይ እየጎተትኩ ወስጄ ጋሽ ኢብራሂም እግር ሥር ጣልኩት።

ጎንበስ ብለው አዩት። «አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንች ልጅ ሌባ ነሽ።»

«የራሳችን ነው።»

አባቴ ጭቃው ላይ ያለውን ጭረት ተከትሎ ሲመጣ እኔ ከሱቁ ከረጢቶች ኋላ ተሸሸግሁ። ጋሽ ኢብራሂም ሳይነሱ «እኔ ነኝ ያስመጣሁት ደመላሽ፤ ያን ሽቦ ማየት ሰለቸኝ» አሉት። አባቴ አመነም አላመነም፣ ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም። በዚህ ጭቃ የትም አልሄድም፤ እንደ ወደዱ ያድርጉት ብሎ ተመለሰ።

ያን ክረምት የፈተግሁትን ያህል በሕይወቴ አልፈተግሁም። መጀመሪያ ሸካራው የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ለስላሳው በውኃ እየተነከረ። ዝገቱ ከውኃው ጋር ሲወርድ ክንዴ ድረስ እቀላለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባው እስከ ጳጉሜ አልወጣም። አለቀ ብዬ ሳመጣላቸው ጋሽ ኢብራሂም ዓይናቸውን ይጨፍኑና ጣታቸውን በዘንጉ ላይ በቀስታ ያስኬዳሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ጊዜ ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁና ሲጨርሱ አሜን አልኩ።

«ምኑን ነው አሜን የምትይው?» አሉ። «ሸካራ ነው። መልሽው።»

ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግራቸው ሌላ መላ አመጡ። ባለቤታቸው ከፈለቀቁት ጥጥ አንድ እፍኝ ወስደው በብረቱ ላይ ይጎትቱታል። አንዲት ጭረት የጥጥ ክር ከያዘች ገና ነው። ክሯን በሁለት ጣታቸው ይነቅሉና «ይኸውልሽ፤ ይቺ ትናገራለች» ይሉኛል። ጥጡን ጠላሁት። በሕልሜ ሁሉ ብረት ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ክር አያለሁ። ስለዚህ ራሴው ከቤት ጥጥ ሰርቄ፣ ለእሳቸው ሳላሳይ በፊት እሞክር ጀመር። ክር ያልያዘበት ቀን በሩጫ ሄድኩ። ጋሽ ኢብራሂም ጥጣቸውን አስኬዱ፣ ደገሙ፣ ምንም አልያዘም። ቴምር አወጡና አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው አደረጉ።

መካከለኛውን ዘንግ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ ሠሩት። ቧንቧውን ለሁለት ሰነጠቁ፣ በመዶሻ አለዘቡት፣ ከሌሎቹ አራቱ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ሦስት ቀን አስተካከሉት። ከአምስቱ የሚያምረው እሱ ነበር። ሰማያዊው የአልጋ ዘንግ ከነሽቦው ጥግ ላይ ወድቆ አገኘሁትና አሮጌ ብረትና ጠርሙስ ለሚሰበስበው ቆራሌ ሰጠሁት። በለውጡ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠኝ። ከዚያ ነገር በመገላገሌ ያን ቀን በአዲሱ ኩባያ ውኃ ስጠጣ ዋልኩ።

ለመቀባት ፀሐይ ጠበቅን። ክረምት ነውና አትወጣም። አንድ ቀን ብልጭ ስትል ፀረ ዝገቱን ቀቡት፤ ገና ሳይደርቅ ካፊያ መጣና ቀለሙ እንደ ሻጋታ ነጣ። መልሰን ፈተግን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ብራ ሆነ። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰሩን አዋሰን። አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውኃ ረጨሁ፣ ዶሮዎቹን አባረርኩ። ጋሽ ኢብራሂም መርጫውን ያዙ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። «ክርኔን ያዥ» አሉኝ። በሁለት እጄ ያዝኩ። አጥንታቸው መዳፌ ውስጥ እንደ ወፍ ይርገበገብ ነበር። ጨብጬ ቀጥ ሳደርገው ረጋ። እንዲህ ሆነን፣ እሳቸው እየረጩ እኔ ክርናቸውን እየመራሁ፣ አምስቱንም ብርማ ቀለም ቀባናቸው። የቲነሩ ሽታ ጉሮሮዬን አቃጠለው። ያ ሽታ ለእኔ የመጨረስ ሽታ ነው፤ ዛሬም።

አባቴ ፍርግርጉ ሲገጠም ቆሞ አየ። መኪናዋን አጥበናት ነበር፤ ለካ ግራጫ ናት። ዞር ዞር ብሎ አይቶ ፊቱን በብርማው ዘንግ ላይ ተመለከተና «እኔን አትመስልም» አለ። ምስጋና መሰለኝ።

በመስከረም መጀመሪያ ገበያ ቀን አብሬው ሄድኩ፤ ከፊት ተቀምጬ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ። የሚሆነውን ለማየት ነው የሄድኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ መታጠፊያ ላይ አምስት ሴቶች ቆመው ነበር። ከሩቅ አዩን። አንዳቸውም እጅ አላነሱም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቦዩ ዳር ተጠጉልን። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እነሱ ጭራሽ አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ ከሰል የተሸከሙ ሦስት ጎረምሶች አየን። እነሱም አዩን፤ አንዱ «መጡ፣ የደን ጥበቃ ሰዎች ናቸው» አለና ሦስቱም ከነጆንያቸው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡ። አባቴ አንገቱን አውጥቶ «እኔ ነኝ፤ ደመላሽ ነኝ» እያለ ይጮሃል፤ በቆሎው እየተንቀጠቀጠ ይርቃል። ሌላ መንደር ላይ ስንቆም አንድ ገበሬ ቆቡን አውልቆ ቀረበና ሊቀመንበሩ የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል አለን። ማንንም አልጠየቅነውም።

ሽንዲ ስንደርስ ከኋላ የነበሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው።

በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው። አባቴ በየመንደሩ እየወረደ የመንግሥት መኪና አለመሆኗን ይነግራቸዋል፤ ሲገባቸው ይስቃሉ፣ ግን እሱ አንዱን መንደር እያስረዳ ሳለ ነጩ ሚኒባስ ያልፈንና የሚቀጥለውን መንደር ሰው ይጭናል። አባቴ አንድም ቀን በእኔ ላይ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁለተኛው ገበያ ስንመለስ ለፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ ስልክ ደወለና ከመስቀል በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ና አለው። እናቴ የአባቴን ሹራብ አጥባ፣ የተቀደደ ክርኑን ሰፍታ፣ አጥፋ አስቀመጠች። ለመንገዱ መሆኑ ገባኝ።

ሦስተኛው ገበያ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። አንዲት እማማ ብርቄ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆመው የነጭ ሽንኩርት ዘንቢላቸውን ይዘው ሁልጊዜ አባቴን የሚጠብቁ። ያን ቀንም እዚያው ቆመዋል። ሚኒባሱ ከፊታችን ሲያልፋቸው እጅ አላነሱም። እኛ ስንደርስም ጀርባቸውን ሰጡን። እንግዲህ የትኛውም ላይ ሳይሳፈሩ የሚቆሙት ለምንድን ነው? አባቴ ሳያቆም በሩን ከፈትኩት፤ ጮኸብኝ፣ አቆመ፣ ወረድኩ።

«እማማ ብርቄ፣ ለምን አይገቡም?»

«የማን ነሽ?»

«ባንቺ ነኝ፤ የደመላሽ ልጅ።»

«ኧረግ፣ የደመላሽ። ምነው አባትሽ ጠፋ? ሦስት ገበያ ጠበቅሁት። የሚያልፉት እነዚህ የቢሮ ሰዎች ናቸው እንጂ ድደ ንቅሷ የለችም። ታማ ነው?»

መኪናዋ ከኋላዬ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማለች። «ይቺ እኮ ናት እማማ» አልኳቸው።

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና ቀረቡ። ዓይናቸው ቅርቡን ብዙም አያይም፤ መዳፋቸውን መካከለኛው ዘንግ ላይ አሳረፉ፣ ያ ሦስት ቀን የተለፋበት ላይ። «ድዷን ማን አጠበባት?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ሰው ስለሚሰድባት ነው።»

«ማን ሰደባት?»

«እናንተ። ድደ ንቅሷ ትሏታላችሁ።»

እማማ ብርቄ የላይኛውን ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለበጡት። ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ከሥሩ የቀሩት ጥርሶች ነጭ ሆነው የሚታዩበት። ሁልጊዜ ከፊቴ ሲስቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

«ለሠርጌ የተነቀስሁት ነው» አሉኝ። «ነቃሿ በመርፌ ስትወጋኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ሦስት ቀን ወተት ብቻ ጠጥቼ ሰነበትሁ። ለስድብ ይመስልሻል? እኛ ያን ሰማያዊ ከዚያ ማዶ ካለው ጥምዝ ላይ እናየዋለን። ዘንቢላችንን እናነሳለን። ሌላ መኪና ቢመጣ ምናችን ነው።»

ይቺ መሆኗን ነገርኩዎት እኮ፣ አሁን ይግቡ አልኳቸው። ገቡ። ሲገቡ ግን «ለእኔ ወርደሽ ነገርሽኝ፤ እስከ ሽንዲ ላለው ሰው ሁሉ እየወረድሽ ልትነግሪ ነው?» አሉኝ። እስከ ሽንዲ ድረስ ያንን ሳስብ፣ ያንን ቀይ ኩባያ ሳስብ ሄድኩ።

ቡሬ እንደደረስን ቆራሌውን ፍለጋ ሮጥኩ። የሰበሰበው ብረት ሁሉ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል አለኝ። ኩባያውን ልመልስልህ ብለውም ሳቀብኝ። ስለዚህ ወደ ቤት ሄድኩ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ አልጋዬን አየሁት። ከግርጌው አራት ሰማያዊ ዘንጎች ቀርተዋል። ከጋሽ ኢብራሂም የብረት መጋዝ ልለምን ሄድኩ።

ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ያን ያህል ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አላነሱም።

«ያን ሁሉ ጥጥ ሳስኬድ የኖርኩት አልጋ ልታስገቢበት ነው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ ዓመት ስቀባ ከእጄ የወጣ ሥራ ማንም አበላሽቶት አያውቅም።»

«ቅዳሜ ሰውዬው ይመጣል ጋሽ ኢብራሂም። አባቴ መተማ ይሄዳል። ሰዎቹ የሚያውቁት ሰማያዊውን ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ብረት እንደሚዳስሱት፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሄደ መጣ። እኔ አሜን ለማለት አልደፈርኩም። በመጨረሻ ብድግ ብለው መጋዙን ከግድግዳው አወረዱና ራሳቸው እኛ ቤት መጡ። እናቴ አልጋዬ ሲቆረጥ አይታ ምን እየሆነ ነው አለች፤ ጋሽ ኢብራሂም «ልጅሽን ጠይቂ፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ» አሏት።

ዘንጉን ሳወጣው እንደ ልማዴ የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። እጄን ያዙኝ። ተላጦም፣ ተጭሮም፣ እንዳለ ይሁን አሉ፤ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው። ጫፎቹን ብቻ ፈተጉት። ሽቦ ሳቀርብላቸው ግን ወረወሩት። በሽቦ የታሰረ ነገር ከእኔ እጅ አይወጣም ብለው በብሎን ገጠሙት። ከፍርግርጉ የወጣው ያ የቧንቧ ዘንግ፣ ከአምስቱ የሚያምረው፣ እጃቸው ላይ ቀረ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወደ አልጋዬ ሄዱ። ካሉት ሁለት ክፍተቶች በአንዱ ለኩት።

«ልጆቹ አባትሽ አልጋ ይነዳል ነው የሚሉሽ አይዶል?» አሉኝ። «እንግዲህ መኪና ላይ ነው የምትተኚ በያቸው።»

አጥብቀው ገጠሙት። ሁለተኛውንም በሌላ ብረት እንደፍነው ሲሉኝ ተዉት አልኳቸው።

ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ የሽንዲ ገበያ ነበር። አባቴ ሰውዬው እስኪመጣ አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ አለ፤ እኔም ተከተልኩት። ከዚያ ጥምዝ ላይ ስንወጣ ከማዶ ዋንዛው ሥር ሰዎች ነበሩ። ገና እንደ ጉንዳን ሆነው ነው የሚታዩት። ጉንዳኖቹ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፤ ዘንቢል ማንሳታቸው ነው። ከዚያ እጆች ተነሱ። አባቴ ማርሹን ቀየረ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፣ ወረደ። እማማ ብርቄ ከፊት ካልተቀመጥሁ ብለው ከእኔና ከአባቴ መሃል ገቡ፤ እስከ ሽንዲ ነጭ ሽንኩርት ስንሸት ሄድን። በሁለተኛው መንደር ቦታ ሞላ። በሦስተኛው ሸራው ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ከሰል የተሸከሙት ጎረምሶች ከበቆሎው ውስጥ ራሳቸው ብቅ አሉና ሰላም አሉን።

የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ በቀጠሮው ቡሬ መጥቶ ነበር። እናቴ የአባቴን መዘግየት አይታ መኪናዋ ሥራ ላይ ናት አለችው። መቼ ትመለሳለች ብሎ ጠየቃት፤ ማታ፣ ነገም ትወጣለች አለችው። ሹራቡን ከዚያ ከታጠፈበት አንስታ አባቴ ማታ ሲመጣ እንዲለብሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የበሩን መወርወሪያ ሰማሁ። እግሬን በቀረው ክፍተት አወጣሁና ጠበቅሁ። የአባቴ እርምጃ አልጋዬ ግርጌ ደርሶ ቆመ፤ በጨለማው አዲሱን ብርማ ዘንግ ዳሰሰው። ከዚያ አውራ ጣቴን ፈልጎ አገኘና ቆነጠጠኝ፤ ከወትሮው ጠንከር አድርጎ። አመመኝ። የተኛሁ መስዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቅሁ።